ሳይዛመዱ ማልቀስ፦ የአንድ ሙዚቀኛ ሞትና የአድማጮቹ ትዝታ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ግድግዳ ነው። ግድግዳው የሚገኘው በሞስኮ ከተማ፣ አርባት ከሚባለው የእግረኞች ጎዳና ታጥፎ በሚገባ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1990 አንድ ሰው «ዛሬ ቪክቶር ጾይ ሞተ» ብሎ ጻፈበት። ሌላ ሰው ደግሞ ከሥሩ «ጾይ ሕያው ነው» ሲል መለሰለት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጽሑፍ ላይ ጽሑፍ እየተደረበበት እስከ ዛሬ አለ።

ጾይ ኪኖ የተባለው የሮክ ባንድ መሪ፣ ዘፋኝና የግጥም ደራሲ ነበር። በ1962 በሌኒንግራድ የተወለደ ሲሆን፣ በአባቱ ወገን የኮርያ ዘር ነበረው። በዚያ ሥርዓት ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው በሕግ ይጠየቅ ስለነበር፣ ስሙ ከታወቀ በኋላ እንኳ በአንድ የማሞቂያ ቤት ምድጃ ውስጥ ከሰል የሚጨምር ሠራተኛ ሆኖ አገልግሏል። በጁን 24 ቀን 1990 በሉዝኒኪ ስታዲየም ለብዙ ሺህ ሕዝብ ዘፈነ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በኦገስት 15፣ በላትቪያ መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭታ በ28 ዓመቱ ሞተ። ወጣቶች በሌኒንግራድ መቃብሩ አጠገብ ድንኳን ተክለው ሰነበቱ። ድንኳን የሚለውን ቃል ስትሰሙ የአገራችን ልቅሶ ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም።

በዚያ ዓመት እኔ በሞስኮ ተማሪ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ነገሩን ንቄው ነበር። በአካል አግኝተውት ለማያውቁት ሰው እንዲህ ማልቀስ የፈረንጅ ቅብጠት መስሎ ታይቶኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ካሴቱ ጥቂት ልበል፤ ጉዳዩ ያለ እርሱ አይገባምና። የጾይ ሙዚቃ ወደ ብዙው አድማጭ የደረሰው በመንግሥት ሸክላ አማካይነት አልነበረም። አንዱ ከሌላው ቴፕ ይቀዳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይቀዳል፤ በየቅጂው ጩኸቱ ይጨምራል፣ ድምፁ ይደበዝዛል። በአዲስ አበባም ካሴት ከካሴት ስንቀዳ ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። በክፍል ጓደኛዬ ካሴት ላይ አንዱ ዘፈን መሐል ላይ ይቆረጥ ነበር፤ ለእኔ ያ ዘፈን ዛሬም እዚያው ላይ ይቆረጣል። እንዲህ ሆኖ የተገኘ ሙዚቃ ሁልጊዜ የሰጪውን ፊት ይዞ ይመጣል። ዘፈኑን ያስታወሰ ሰው ካሴቱን ያቀበለውን እጅ ሳያስታውስ አይቀርም።

በዚያው መጸው፣ አንድ ማለዳ፣ የአገሬ ልጆች ተሰብስበው የመኝታ ክፍሌን በር አንኳኩ። በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ኢትዮጵያዊ ያውቃል። አባቴ ካረፈ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር፤ አርባውም ወጥቷል። ጓደኞቼ አብረውኝ ተቀመጡ፣ አጽናኑኝም። ነገር ግን ልቅሶው ያለ እኔ አልፎ ስለነበር እንባዬን የማደርስበት ቦታ አጣሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የክፍል ጓደኛዬ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። በዚያ ሲጋራ ሰብሮ ለሟቹ ማስቀመጥ ልማድ ሆኖ ነበር። አላጨስም፤ አንዱ ሰጠኝና ሰብሬ አስቀመጥኩ። አንዲት በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ልጅ «አንተ መጀመሪያ የት ሰማኸው?» አለችኝ። በቦታው ለሚመጣ ሁሉ የሚቀርበው ጥያቄ ይኸው ነበር። ከአባቴ የመጣ ደብዳቤ እያነበብኩ ሳለሁ፣ ከክፍል ጓደኛዬ አልጋ በኩል እንደሰማሁት ነገርኳት። ንግግሬን አልጨረስኩም። ለማን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም።

ስለ ታዋቂ ሰዎች ሞት የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች፣ አድናቂዎች ሟቹን ትተው ስለራሳቸው ያወራሉ ብለው ይወቅሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኛ ልቅሶ ቤት የሚገባ ሰው በምን እንደገባ የታወቀ ነው፤ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ወይም የዕድር አባል ነው። አድማጭ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። «የት ሰማኸው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በምን እንደገባ የሚያሳይበት የዝምድና ቃሉ ነው። ስለራሱ መናገሩ ሐዘኑን ሐሰት አያደርገውም፤ በልቅሶ ቤታችንም የሰው ሬሳ ፊት ቆሞ የራሱን ሟች የማያነሳ ማን አለ? አልቃሿም የሌላውን ሙታን እየጠራች የምታስለቅሰው ይህን ስለምታውቅ ነው።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ሲያርፍ ይህንኑ አየሁ። በመስቀል አደባባይ ከጎኔ የቆሙ አንዲት እናት ስለ ጥላሁን አንድም ቃል አልተናገሩም። የነገሩኝ ስለ ሟች ባለቤታቸው ሬዲዮ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ እንዴት እንደሚያነቁት፣ ማታ ማታም ጎረቤት ለመስማት እንዴት ይሰበሰብ እንደነበር። ያኔ አልጻፍኩትም፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዘፋኞቻችንን ድምፅ በተወሰነ ደረጃ አስቀምጠናል። የአድማጮቹን ግን ገና አልጀመርነውም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ በካሴት ልባስ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ስሞች አሉ፤ ማን ለማን እንደቀዳ፣ በየትኛው ዓመት። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እነዚያን ካሴቶች አስወጥታችሁ፣ ከማን እንደተቀበሏቸው ወላጆቻችሁን ጠይቁልኝ። የሚነግሯችሁን በራሳቸው ቃል ጻፉት፤ ከዘፈኑ ወጥተው ወደ ሌላ ሰው ታሪክ ቢሄዱ አታቋርጧቸው።