በጐዳና ዳር ለወደቁት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የጫጫና የአካባቢዋ ምእመናን!

በአየርላንድ አገር፣ ስትሮክስታውን በምትባል ከተማ፣ በአንድ የቀድሞ ባለርስት ግቢ ውስጥ የረኃብ መታሰቢያ ቤተ መዘክር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ስለ ጠፋ በዚያ አገር አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ጎብኚውን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ልቡን የሚነካው፣ ጭሰኞቹ ለጌታቸው የጻፉት የልመና ደብዳቤ ነው። ወረቀቱ ተጠብቆ ኖሮአልና ዛሬም ይለምናል።

የእኛስ ሙታን? ይህ በደጃችን የሚያልፈው ጐዳና ደሴ ያደርሳል። በ1965 ዓ.ም. በዚያው ጐዳና፣ በወሎ ምድር፣ ረኃብተኛው ዳር ለዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘረጋ እንጂ ደብዳቤ አልጻፈም። ከክርስቲያኑም ስንቱ ፍትሐት ሳያገኝ፣ የክርስትና ስሙን ለካህን የሚነግርለት ዘመድ ሳይኖረው ተቀበረ!

እኛ ግን ለተዝካር ድንኳን ጥለን፣ ጠላ ጠምቀን፣ ጠግቦ የመጣውን ጎረቤት ደግመን እናጠግባለን። ዘንድሮ ተዝካር ያላችሁ ሁሉ፣ አንዱን መሶብ ስማቸው ላልተጠራላቸው አውሉላቸው። ለማን እንስጠው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።