የሕይወት መድንና አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





እድራችን ሐዘን በደረሰ ጊዜ ቀድሞ ይገኛል። ለቀብር ይረዳል እንጂ ልጆች ማሳደግ ግን አይችልም፤ ይህ የሕይወት መድን ሥራ ነው። ታዲያ አቅማችንን የሚመጥነውን እንዴት እንለየው?

እዚህ አሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኩባንያዎች ለፋብሪካ ሠራተኞች መድን ይሸጡ ነበር። ክፍያው በሳምንት ጥቂት ሳንቲም ስለነበረ ርካሽ ይመስል ነበር። ነገር ግን ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰበስበው ሰው አበል የሚወጣው ከዚያው ሳንቲም ነበር። መክፈል ያቃተው ብዙ ድኻም ውሉ ይፈርስበት ነበር። ጠበቃው ሉዊስ ብራንዳይስ ይህን በመቃወም ባደረገው ትግል፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የማሳቹሴትስ ግዛት የቁጠባ ባንኮች ያለ ሰብሳቢ መድን እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

ትምህርቱ ዛሬም ይሠራል። በወር 30 ዶላር የሚከፈልበት የ5,000 ዶላር የቀብር መድን ቢቀርብልን፣ በ20 ዓመት የምንከፍለው 7,200 ዶላር ነው። ለጤነኛ ወጣት ወላጅ ግን ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚገባ የሕይወት መድን በዚያው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፦ ጠቅላላ ክፍያው ስንት ነው? አንድ ወር ቢያልፈን ምን ይሆናል? በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ሞት ቢመጣ ቤተሰቡ ሙሉውን ያገኛል?

እድራችን ይቀጥል። የመድን ውል የቀረበለት አባል ደግሞ ሳይፈርም ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ እንግሊዝኛውን አብረን እናንብበው።