ርካሹ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ለዕድራችን ይሆናል ወይ?

(በቆቃ የሰፈራችን ዕድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ለልቅሶ ቤት የሻይ ውሃ ማፍያ የሚሆኑ አራት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዎች ይገዙ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ኮሚቴው በቅድሚያ አንዱን ብቻ ገዝቶ እንዲፈትን መወሰኑ ይታወሳል። ሐሳቡ የመጣው ከእናቶቻችን ነው። በሌሊት ተነስተው ከሰል ሲያቀጣጥሉ፣ ጭሱ ዓይናቸውን ሲያጠፋው የምናይ እኛው ስለሆንን ነገሩን አቅልለን አላየነውም። የከሰል ዋጋ የት እንደደረሰም ለናንተ አይነገርም።

ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት በአንድ ልቅሶ ቤት የሆነውንም አልረሳነውም። አንዲት ልጃችን በባዶ እግሯ ጭቃ ላይ ቆማ የብረት ማንቆርቆሪያ ስትነካ ኤሌክትሪክ ያዛት። ስፒናውን የነቀለው ልጅ አጠገቧ ባይኖር ኖሮ በአንድ ድንኳን ሁለት ልቅሶ እንቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ዕቃውን ከአዳማ ገበያ ገዛነው። ዋጋው አንድ ሺህ ብር እንኳ አይሞላም። ገላው ብረት ነው፤ ከሥሩ 220 ቮልት፣ 1500 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። በሰፈራችን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ወንድማችን ባለበት ለአራት ቀን ፈተንነው።

በማፍላቱ በኩል አንዋሽም፣ ጎበዝ ነው። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጠዋት በ6 ደቂቃ አፈላ። ማታ ግን ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ያው ውሃ 9 ደቂቃ ፈጀበት። በመለኪያ ሲታይ ቮልቱ ወደ 180 ወርዷል። ቮልት በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲወርድ የዕቃው ጉልበት በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማንቆርቆሪያው አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የተመረቀው ግድብ አጠገባችን ተቀምጦ እኛ በማታ መብራት ስንቸገር ለሰሚው ይገርማል፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ክዳኑ ሲዘጋ፣ ውሃው እንደፈላ ቀጭ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ክዳኑን ገርበብ አድርገን ስንተወው ግን አልጠፋም፤ ዝም ብሎ ሲንተከተክ ቆየ። ምክንያቱም ማጥፊያውን የሚያስነሳው እንፋሎቱ ነው፤ እንፋሎቱ በክዳኑ ካመለጠ ማጥፊያው ጋ አይደርስም። ልቅሶ ቤት ደግሞ ክዳን የሚዘጋ ማን አለ? ባዶውን ስናበራውም ጠፍቷል፣ ነገር ግን የፕላስቲክ ሽታ ሸትቶናል።

ዋናው ነገር የመጣው ወንድማችን ሥሩን ፈትቶ ሲያሳየን ነው። የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን አለ፤ ሽቦው ግን የለም! ስፒናውም ባለሁለት እግር ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ አንድ ቀን ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ የነካውን ሰው ይጠብቃል ማለት ነው። «ብሬከሩ ይቆርጠው የለ እንዴ?» ብለን ጠየቅን። አይቆርጠውም። ተራው ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ሰውን የሚገድለው መጠን ለእሱ ኢምንት ነው።

መፍትሔው ባለሦስት ሽቦ ገመድና የመሬት መገናኛ ያለው ስፒና መቀየር ነው ተባልን። እሺ ብለን የኮሚቴውን አባላት አምስት ቤት አየን። የመሬት ሽቦ የተቀበረለት አንዱ ቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አፈርን፤ የራሳችን ቤት ነውና።

ድንኳን ውስጥ በማራዘሚያ ገመድም ሞከርነው። ሦስተኛው ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ተጠቅልሎ የነበረው ገመድ በእጅ የማይያዝ ሆነ። አንዱ ማንቆርቆሪያ ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ አራቱን በአንድ ገመድ ማለት እሳት መጋበዝ ነው።

አንዲት እናታችን «የሐይቁን ውሃ ካፈላንበት ይጠጣል ወይ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጣውን ተሕዋስ ይገድላል። በአካባቢያችን የጉድጓድ ውሃ የሚገኘውንና ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ግን አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ላይ ይጠነክራል። ሐይቁ አረንጓዴ ሲለብስ የሚኖረውም መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ስለዚህ እማማ፣ ለሻይም ቢሆን የቧንቧውን ይጠቀሙ።

ኮሚቴው የደረሰበት ውሳኔ ይህ ነው፦ ሦስቱ አይገዙም፤ ገንዘቡ ወደ ሣጥን ተመልሷል። የተገዛው ገመዱ ተቀይሮለት የመሬት ሽቦ ባለው ቤት ብቻ ይፈላበታል፣ ድንኳን አይገባም። የፈላው ውሃ በፔርሙስ ይመላለሳል። ዕድሩ ያለው ፔርሙስ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ የምታውሱን ሰዎች እስከ እሑድ ድረስ ለዕቃ ቤት ኃላፊዋ ስማችሁን አስመዝግቡ።