ሁለት ዘጠኝ የያዘ ሰው፦ የዕድል ስሌትና የአነስተኛ ገንዘብ ፖከር



የዕድል ስሌት ትምህርት የተወለደው በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉት ሳያልቅ የተቋረጠ ጨዋታ ገንዘቡ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፋፈል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። ስለዚህ እዚህ መቱ ላይ ስለ ፖከር መናገሬ ከሙያዬ አያርቀኝም። ጨዋታውን ላስተዋውቅ አልመጣሁም፤ ከጎሬ እስከ በደሌ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ጠረጴዛው በኪሱ ስለሆነ፣ ቢያንስ ስሌቱን ይወቀው ብዬ ነው።

ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ በስውር ይታደላል። ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 1፣ በመጨረሻም 1 ካርታ ለሁሉም በጋራ ይገለጣል፤ በየመሐሉ ውርርድ አለ። በእጅ ያሉት ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥንድ ይባላሉ። ጥንድ በአማካይ ከ17 እደላ አንዴ ይመጣል። ከ8 እስከ ጃክ ያሉትን መካከለኛ ጥንዶች ብቻ ከወሰድን ግን ከ55 አንዴ ነው። ብርቅ ስለሆኑ ይወደዳሉ፤ ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል።

ሁለት ዘጠኝ ይዛችኋል እንበል። ያላያችኋቸው 50 ካርታዎች ናቸው፤ 20ዎቹ ከዘጠኝ ይበልጣሉ። ከ50 ካርታ 3 የሚወጣበት መንገድ 19,600 ሲሆን፣ ከዘጠኝ የሚበልጥ የሌለበት 4,060 ብቻ ነው። ስለዚህ ከ100 ጊዜ በ79ኙ ገደማ ከጥንዳችሁ የሚበልጥ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ለሁለት አስር 69 ተኩል፣ ለሁለት ጃክ 57 ነው። ሦስተኛው ዘጠኝ የሚመጣው ግን ከ100 በ12ቱ ገደማ ነው። የኢሉባቦር ልጅ ይህን ከቡና ያውቀዋል፤ በአበባው ላይ ተማምኖ የተበደረ ሰው ፍሬው እስኪቋጠር እንቅልፍ የለውም።

ሦስቱ ካርታዎች ከመገለጣቸው በፊት ሁለት ዘጠኝ ጠንካራ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ተቃዋሚን ከ100 በ72ቱ ያሸንፋል፤ ስለዚህ ማንም ውርርዱን ካላሳደገ እናንተ ብታሳድጉ ያስኬዳል። ተቃዋሚው ንጉሥና ኤስ ከያዘ ብልጫችሁ ወደ 55 ይወርዳል። የሚበልጥ ጥንድ ከያዘ ደግሞ ከ5 አንዴ ያህል ብቻ ታሸንፋላችሁ። ሌላው ቀድሞ ካሳደገ፣ ሦስተኛውን ዘጠኝ ፍለጋ 10 ብር ከመክፈላችሁ በፊት እሱ ዘንድ የቀረውን ቁጠሩ። የሚመጣው ከ8 ተኩል አንዴ ነው፤ ቢመጣም ሁልጊዜ አያስከፍልም። 60 ብር ብቻ ከቀረው ፍለጋው ኪሳራ ነው፤ 200 ከቀረው ሊታሰብበት ይችላል።

በአነስተኛ ገንዘብ ጠረጴዛ ተጫዋቾች በብዛት ይከተላሉ፤ በቀላሉ አይተዉም። ስለዚህ በማስመሰል ማስፈራራት ብዙም አይሠራም፤ ሦስተኛው ዘጠኝ ሲመጣ ግን ይከፍሏችኋል። ሲከተል ብቻ የቆየ ሰው አራተኛው ካርታ ላይ በድንገት በብዙ ካሳደገ፣ በእኔ ግምት አብዛኛውን ጊዜ የእውነቱን ነው፤ ዘጠኙን መጣል ይሻላል። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ ጠብቆ ያገኘውን ጥንድ መጣል ሽንፈት ይመስለዋል። ኮንከር ሲጫወቱ ያያችሁም ይህን ጠባይ አታጡትም።

እስካሁን የቤቱን ድርሻ አልቆጠርንም። ከሚሰበሰበው ውርርድ 5 በመቶ ይቆርጣል ብለን እንነሣ። እኩል ችሎታ ያላቸው 6 ተማሪዎች በነፍስ ወከፍ 200 ብር ይዘው ተቀመጡ፤ ጠረጴዛው ላይ 1,200 ብር አለ። 200 ብር በተሰበሰበ ቁጥር 10 ብር ይቆረጣል። 50 ጊዜ ሲደጋገም 500 ብር ከጠረጴዛው ወጥቷል፤ ማንም ግን መጥፎ አልተጫወተም። ዘጠኝን አሳምሮ የሚጫወተውም ቢሆን የሚያተርፈው፣ ደካሞቹ ካጡት ላይ ቤቱ ወስዶ የተረፈ ካለ ነው። ሁለት ዘጠኝ ራሱ የሚመጣው ከ221 እደላ አንዴ ሲሆን፣ ድርሻው የሚቆረጠው ግን በየእደላው ነው ለማለት ይቻላል። ከቤት የተላከላችሁን የወር ገንዘብ በ1,200ው ቦታ አስገቡና ስሌቱን እንደገና ሥሩት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።