የመኪና ትንፋሽና የክረምት ወንዝ



ጎንደር የወንዝ አገር ናት። ከተማዋን ቀሃና አንገረብ በግራና በቀኝ ይዘዋታል፤ ውሃቸውም በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። ከደባርቅ ተነሥተን ሊማሊሞን ስንወርድ ዛሪማ ይጠብቀናል። በአይከል አድርገን ወደ መተማ ቆላ ስንወርድ ደግሞ ገንዳ ውሃ፣ ሽንፋና ጓንግ አሉ። ከዓመቱ ዝናባችን ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዋናው መንገድ ላይ ድልድይ አለ፤ ወደ ቀበሌውና ወደ እርሻው በሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ሰሊጡ የሚዘራውና የሚታረመው ክረምት ላይ በመሆኑ ዘሩም፣ ነዳጁም፣ የቀን ሠራተኛውም የሚጓጓዘው ወንዙ በሞላበት ወራት ነው።

ስለዚህ ባለመኪናው ወደ ጋራዥ ይመጣና “የአየር መሳቢያውን ከፍ አድርጉልኝ፣ ስኖርክል ግጠሙልኝ” ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአግባቡ የተገጠመ ስኖርክል፣ ማለትም አየር ከከፍታ የሚያስገባ ቱቦ፣ ሞተር ያድናል። ሰው ግን አያድንም። የዛሬው ንግግሬ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ውሃ ሞተርን እንዴት እንደሚገድል እንይ። የናፍጣ ሞተር አየርን አጥብቆ በመጭመቅ ይሠራል። አራት ሲሊንደርና 4.3 ሊትር ይዘት ያለው፣ አየሩን 19 ለ1 የሚጨምቅ የጭነት መኪና ሞተር እንውሰድ። ፒስተኑ እስከ ላይ ሲወጣ ከቴስታታው በታች የሚተርፈው ቦታ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አየር ሲጫኑት ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። አንዲት የቡና ሲኒ የማይሞላ ውሃ በአየር መሳቢያው ወደ አንዱ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑ መሄጃ ያጣል፤ ኮሎዶኮው ግን መዞሩን አይተውም። በመካከል ያለው ቢዬላ ይጣመማል ወይም ይሰበራል። ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ የወጣ ቢዬላ ያየ መካኒክ ምን እያልሁ እንደሆነ ያውቃል። ለባለቤቱ የዚህ ጥገና ወጪ የአንድ ዓመት ገቢ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር መጋጠሚያው ነው። አብዛኞቹ ካቢናቸው የሚገለበጥ የጭነት መኪናዎች የአየር አፋቸው ከካቢናው ኋላ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። የአየር ማጣሪያው ቤት ግን ታች፣ ሻሲው አጠገብ ነው። ካቢናው ሲገለበጥ እንዲላቀቅ የተሠራው የጎማ መጋጠሚያ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በማጣሪያው ቤት ሥር አቧራና ጤዛ የሚያወጣ ትንሽ የጎማ ምላስ አለ፤ እሱም ያረጃል ወይም ይወድቃል። ቱቦውን እስከ ጣራ ድረስ ብንሰቅለው፣ ታች የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ውሃው የሚገባው በስንጥቁ ነው። የመኪናው የአየር አፍ ቁመት የሚለካው አየር ከሚያስገባው ዝቅተኛ ቀዳዳ ነው።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ መኖሩን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የቱቦውን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላና በጎማ ለአፍታ ድፈኑት፤ መምጠጡ ኃይለኛ ስለሆነ በእጅ አትሞክሩት። ሥራው ጥብቅ ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። መሥራቱን ከቀጠለ አየር የሚያገኝበት ሌላ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ያ ቀዳዳ ነገ የውሃ መግቢያ ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ሥራ ከጋራዥ መውጣት የለበትም።

ሦስተኛው የቱቦው ስፋት ነው። በምሳሌ የወሰድነው ሞተር በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 5,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን መግቢያ ገበያ ላይ በተገኘ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብንተካው መተላለፊያው ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ይህ በደጋማው አገራችን ይበልጥ ይጎዳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከሩብ በላይ። ሳስቶ የመጣውን አየር በጠባብ ቱቦ ስናስገባው ሞተሩ ሊማሊሞን ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይሞቃል፣ ናፍጣ ይበላል። ስለዚህ ቱቦው ከፋብሪካው መግቢያ የማይጠብ፣ እጥፋቱ ጥቂት፣ በብሎን ከካቢናው ጋር የታሰረ መሆን አለበት። እንዲህ ከተሠራ በበጋም ይጠቅማል፤ ከፍ ያለ አፍ ጎማ ከሚያስነሣው አቧራ ይርቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ስኖርክል ለምን ሰው እንደማያድን፣ ልምጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጆች 1944 ኖርማንዲ የወረዱት የጦር ተሽከርካሪዎች የአየር መሳቢያቸው ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ግን እሱ ብቻውን አልበቃም። የኤሌክትሪኩ ክፍልና መጋጠሚያው ሁሉ ውሃ በማያስገባ ቅባት ተደፍኖ ነበር። ለአስቸጋሪ ቦታ ተብሎ የሚሠራው ኡኒሞግ የተባለው የጭነት መኪና እንኳ በልዩ ዝግጅት የሚፈቀድለት ጥልቀት 1.2 ሜትር ያህል ነው። የአየር አፉ ግን ጣራው አጠገብ ነው። ታዲያ ልኩን የወሰነው ምንድን ነው? የካምቢዮና የዲፈረንሻል መተንፈሻ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ፍሬን፣ እንዲሁም ውሃው መኪናውን የሚያነሣበት ኃይል ነው።

መኪና ቦታውን የወሰደበት አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ያህል ክብደት ከጎማው ላይ ያነሣል። ጎማው መሬት መቆንጠጡን ይተዋል። የሚፈስስ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። የእኛ ወንዞች ደግሞ ደራሽ ናቸው፤ እዚህ ፀሐይ እያለ ስሜን ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይመጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ስኖርክል ሾፌሩን ካደፋፈረው፣ ሞተሩ እየሠራ ሰዎቹ ይወሰዳሉ።

ታሪካችንም ይህን ጥንቃቄ ያሳያል። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የወራሪው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የስታራቼ የካሚዮን ጦር ከኦምሐጀር ተነሥቶ፣ ሰቲትን ተሻግሮ ጎንደር ሲገባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች ነበሩት፤ የተንቀሳቀሰው ግን ወንዙ በሚጎድልበት ወራት ነው። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነገሥታት በአባይ ላይ በድንጋይና በኖራ ድልድይ አሠርተዋል። ወራሪውም፣ የራሳችን ነገሥታትም የሞላን ወንዝ በድፍረት አልናቁትም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የጋራዥ ባለሙያዎች፦ ቱቦ ብቻ አትግጠሙ፤ መጋጠሚያውን፣ የማጣሪያውን ምላስ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል መተንፈሻውን አብራችሁ ሥሩ፤ ባለቤቱ ፊትም ፈትሹ። ሾፌሮች፦ የማይታይ ወለል ላይ አትግቡ፤ ውሃው ሲደፈርስና ሲፈጥን ቁሙ፤ ከላይ የተሳፈረውን ሰው አውርዱ፤ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋም ቁልፉን ደግማችሁ አታዙሩ፤ ያ ሁለተኛው ሙከራ ቢዬላውን ሊሰብር ይችላልና፤ ጎትታችሁ አውጡት፣ ማጣሪያውን ፈትሹ፣ ኢንጀክተሩን አውጥታችሁ ውሃውን አስወጡ። ባለንብረቶች፦ ወንዙ እስኪጎድል ያደረ ሾፌር ላይ አትቆጡ። መኪና የሚተካ ንብረት ነው፤ የቀን ሠራተኛው ግን ቤቱ በሰላም መግባት አለበት።