ተሸናፊው ወንበሩን ሲለቅ

እ.ኤ.አ. በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ፖለቲካ ፓርቲ አንዳች አይናገርም። ይሁን እንጂ በፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ካቢኔ ውስጥ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሚልተንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄፈርሰን በ1791 ስለ ብሔራዊ ባንክ መቋቋም ተከራከሩ፤ ልዩነቱም እየሰፋ ሄዶ ፌዴራሊስትና ሪፐብሊካን የተባሉ ሁለት ወገኖች ቆሙ።

ሥልጣን የያዙት ፌዴራሊስቶች ተቃዋሚን ከጠላት አልለዩም። በ1798 መንግሥትን የሚያጥላላ ጽሑፍን የሚቀጣ ሕግ አወጡ፤ የተቃዋሚ ጋዜጣ አዘጋጆችም ታሰሩ። በ1800 ምርጫ ግን ፕሬዚዳንት አዳምስ ተሸነፉ። ጄፈርሰንና የወገናቸው ዕጩ አሮን ቡር እኩል 73 ድምፅ ስላገኙ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ36ኛው ዙር ጄፈርሰንን መረጠ።

በ1801 አዳምስ ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ፤ ጄፈርሰንም በዚያ ሕግ ለተቀጡት ምሕረት አደረጉ። ሕገ መንግሥቱ ያላሰበው የፓርቲ ሥርዓት የጸናው ተሸናፊው ወንበሩን ሲለቅ፣ አሸናፊውም ቂሙን ሲተው ነው።