በሲባጎ ታሪክ ስለ መጻፍ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣንበት ጉዳይ ትዋይን ስለሚባለው የታሪክ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ትዋይን ማለት ሲባጎ ማለት ነው። ክሪስ ክሊማስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ሲሆን፣ ያለ ዋጋ ለሁሉ ይሰጣል። በእርሱ የተጻፈውን ታሪክ አንባቢው በየደረሰበት መንታ መንገድ ራሱ እየመረጠ ይሄድበታል።

ፕሮግራሙን ስንከፍት በመጀመሪያ የታሪኮቻችን መደርደሪያ ይመጣል። አዲስ ታሪክ ጀምረን ስም ስንሰጠው ሰፊ ገበታ ይዘረጋል፤ በላዩም አንድ ትንሽ ሣጥን ተቀምጦ እናገኛለን። ሣጥኑን ሁለት ጊዜ ብንጫነው መጻፊያው ይከፈታል። በጽሑፉ መካከል [[ደጁን አንኳኳ]] ብለን በድርብ ቅንፍ ብንጽፍ፣ በዚያው ስም ሌላ ሣጥን ተፈጥሮ ከፊተኛው ጋር በቀስት ይያያዛል። ከላይ በረድፍ ካሉት ቁልፎች አንዱ ታሪኩን እንደ አንባቢ ያስሞክረናል፤ ሌላው ለሰው የሚሰጥ አንድ ፋይል አድርጎ ያወጣልናል። ለመጀመር ይህን ያህል ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን እናሳስባለን።

1ኛ፤ በየሣጥኑ ሁለት ምርጫ አኑረን መንገዶቹን መልሰን ባናገናኛቸው፣ በዐሥረኛው እርምጃ ብቻ 1,024 ሣጥን ይጠብቀናል። ስለዚህ ገበታውን እያየን፣ የተለያዩት ቀስቶች በአንድ ሣጥን እንዲገናኙ ማድረግ አለብን።

2ኛ፤ በብራውዘር ስንሠራ ታሪኩ የሚቀመጠው በዚያው ብራውዘር ውስጥ ነው፤ ማኅደሩ ሲጠረግ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። በጋራ ኮምፒዩተር የምንሠራ ሁሉ ከመነሣታችን በፊት ቅጂ ልናወጣ ይገባናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቋንቋችን ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ፊደላችንን ያለ ችግር ይቀበላል። ነገር ግን እንግሊዝኛ አንባቢውን ሁሉ በአንድ ቃል ጠርቶ ሲያልፍ፣ እኛ «ወጣህ»፣ «ወጣሽ»፣ «ወጡ» ብለን ሳንለይ አንድ እርምጃ አንሄድም። ከላይ የጠቀስነው «አንኳኳ» የሚያዘው ወንዱን ብቻ ነው፤ ሴቲቱ አንባቢ ከደጅ ቀረች ማለት ነው።

ለዚህ የተዘጋጀ ቁልፍ በገበታው ላይ የለም፤ መላው ግን በእጃችን ነው። በመጀመሪያው ሣጥን «አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ ልበል?» ብለን መጠየቅ፣ ፕሮግራሙም መልሱን አስታውሶ በየግሡ እንዲከተል ማዘዝ ይቻላል። ይህ ድካሙ ሦስት እጥፍ ነው የሚል ደግሞ ምርጫዎቹን በአንባቢው አፍ «አንኳኳለሁ» እያለ ይጻፍ፤ «እኔ» ወንድና ሴት፣ ታላቅና ታናሽ አይለይምና።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ መሣሪያው በሰው አገር ተሠራ ብለን ብንሸሸውም፣ እንደ መጣ ብንቀበለውም ጉዳቱ ለአማርኛችን ነው። ሲባጎው የእነርሱ ይሁን፤ ቋጠሮውን ግን እኛ እንወቅበት።